የኋላ ግራ ጎማ

ዘይት ሲንጠባጠብ ድምፅ አለው። እንደ ውሃ ጠብ ጠብ አይልም። ወፍራም ስለሆነ መሬት ላይ ሲያርፍ ሰው ሕፃን ሲስም የሚሰማውን የመሰለ፣ ጆሮ ካልጣሉበት የማይሰማ ድምፅ ነው ያለው። አርባ ዓመት ሙሉ መኪና ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ስለኖርኩ አውቀዋለሁ። ዛሬ የማጫውታችሁ ነገር የጀመረው በዚያ ድምፅ ነው።

ደምሴ እባላለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ስለዚህ ፊደሌ ቢወላገድ፣ ነገሬም ዞር ዞር ቢል ታገሡኝ። መኪና ስሠራም ቸኩዬ አላውቅም። ጋራዤ ጉለሌ ነው፤ ከአዲሱ ገበያ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው ዳገት ዳር። ጋራዥ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። የቆርቆሮ አጥር፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ ከኋላ ሁለት ባሕር ዛፍ፣ ሁለት መኪና ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ይቆማል። ክረምት ሲሆን ጉሙ ከእንጦጦ ተንከባሎ ይወርድና ሳያንኳኳ ግቢ ይገባል። ጠዋት በሩን ስከፍት መኪኖቹ ጎማቸው አይታይም፤ ደመና ላይ የቆሙ ይመስሉኛል። እንዲያ ባለ ጠዋት ሥራ አልጀምርም። ዝም ብዬ አያቸዋለሁ።

ያን ጋራዥ ከሙስጠፋ ጋር ነበር የከፈትነው። ሙስጠፋ ከስልጤ አገር ገና ጉርምስናው ሳይጀምረው የመጣ ሰው ነው። በሰው ጋራዥ ብረት ስናጥብ ተዋወቅን፣ ከዚያ ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ሠራን። እኔ ከባዱን ነበር የምይዘው፤ ማንሳት፣ መፍታት፣ መቀጥቀጥ። የሱ እጅ ለስላሳ ሥራ ላይ ነው። ኦይል ሲል የሚባል ነገር አለ። ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ ዙሪያውን አቅፎ ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዝ የጎማ ቀለበት ነው። ትንሽ ከተንጋደደ ያፈሳል፤ ከተገለበጠማ አይነሣ። ሙስጠፋ ሲል ሲከት ትንፋሹን ይይዝ ነበር። ገብቶ ሲያልቅ በአፍንጫው እፎይ ይላል። እኔም ያን እፎይታ ሳልሰማ መፍቻ አላቀብለውም ነበር።

ከስድስት ዓመት በፊት በአንዲት መኪና ምክንያት ተለያየን።

መኪናዋ የወንጌላዊ ዮሐንስ ነበረች። አሮጌ፣ ቁመተ ረጅም፣ በአራት እግሯ የምትጎትት የናፍታ መኪና ናት። ጋሽ ዮሐንስ ክረምት ከበጋ ወንዝ እየተሻገረ ወደ ገጠር የሚሄድ የፕሮቴስታንት አገልጋይ ነበር። ከኋላ ግራ ጎማዋ ዘይት አፈሰሰች። ሙስጠፋ ሲሉን ቀየረ። በሳምንቱ እንደገና አፈሰሰች። እንደገና ቀየረ። ከዚያ ጋሽ ዮሐንስ የእንጦጦን ቁልቁለት ሲወርድ ዘይቱ የፍሬኑን ሸራ አርሶት ኖሮ ፍሬኑ በአንድ ጎን ብቻ ያዘ፣ መኪናዋ ዞራ የድንጋይ አጥር መታች። ነፍሱ ተረፈች፤ ክንዱ ተሰበረ።

መኪናዋን ጎትተን ስናመጣ ደንግጬ ነበር። ሰው ሲደነግጥ ዝም ይላል፣ ወይም ያለቅሳል። እኔ ተቆጣሁ። ሲሉን በካቻቢቴና በመዶሻ ቀጥቅጬ አወጣሁትና አነሳሁት። ደንበኞች ቆመዋል፣ ጎረቤቴ ጎሚስታው አለ፣ ጋሽ ዮሐንስም ክንዱን በነጠላ አንግቶ ቆሟል።

"ገልብጠህ ነው የከተትከው! አያችሁ? በዓይኔ አየሁት፣ ገልብጦት ነው!" አልኩ።

ሙስጠፋ እጁን በጨርቅ አንድ በአንድ፣ ጣት በጣት እየጠረገ "ደምሴ፣ ሲሉ ደህና ነው" አለኝ። "ይሄ ዘይት ከውስጥ እየተገፋ ነው የሚወጣው።"

"ማን ነው የሚገፋው? ጂኒ?"

ሰው ሳቀ። ሙስጠፋ አልሳቀም። ጨርቁን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ። በወሩ አዲሱ ገበያ የመለዋወጫ ሱቅ መክፈቱን ሰማሁ። እኔ ሲሉን በእጄ ቀየርኩት፤ መኪናዋ ማፍሰሷን አቆመች። አየህ፣ እጁ ነበር አልኩ ለራሴ። ጋሽ ዮሐንስ ከዚያ በኋላ መንዳት ፈርቶ መኪናዋን ግቢው ውስጥ እንዳቆማት አውቃለሁ። የቆመ መኪና እንደማያፈስ ደግሞ ማንም መካኒክ ያውቃል። ያን ጊዜ ግን ሁለቱን አላገናኘኋቸውም።

እንግዲህ ባለፈው ሐምሌ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ በጉሙ ውስጥ ሁለት ቢጫ መብራት ሲመጣ አየሁ። ሞተሩን በድምፁ አወቅሁት። የሞተ ሰው በር ላይ ቆሞ ስሜን የጠራኝ ያህል ነው የተሰማኝ። ከመኪናዋ አንዲት ሴት ወረደች።

"ጋሽ ደምሴ እርስዎ ነዎት?"

"ነኝ የኔ ልጅ።"

"ማርታ እባላለሁ፣ የወንጌላዊ ዮሐንስ ልጅ።"

"እንዴ! አባትሽስ?"

"ወደ ጌታ ከሄደ ሁለት ዓመቱ።"

አልሰማሁም ነበር። ቆቤን አወለቅሁ። እሷም ወደ ኋላ ግራ ጎማው ጠቆመችኝ።

"ሌላ ጋራዥ ሲሉን ቀየሩልኝ፣ በሳምንቱ መልሶ አፈሰሰ። እሑድ እማዬን ይዤ አባቴ ያገለግልበት ወደነበረው አገር ልሄድ ነው፤ እዚያ ነው የተቀበረው። እማዬ መቃብሩን ካየች ቆየች፣ ጉልበቷም እየደከመ ነው። መንገዱ ደግሞ ቁልቁለት ብቻ ነው። ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ፍሬኑ እንደ አባቴ ቀን ቢከዳኝስ?"

"እስከ ቅዳሜ ተዪልኝ።"

ጎንበስ ብዬ የጎማውን ውስጠኛ ጎን በጣቴ ዳበስኩ። ርጥብ ነው። በአውራ ጣቴ አሸሁት፣ አሸተትኩት። የፍሬን ዘይት ቀጭን ነው፣ ይሄ ወፍራምና የሚከረፋ፣ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው የዲፈረንሻል ዘይት ነው። በክሪክ አነሳኋት፣ ጎማውን ፈታሁ፣ የፍሬኑን ሸራ አየሁ፤ ጠቁሯል፣ ዘይት ጠጥቷል። ዘንጉን ጎትቼ አወጣሁና ሲሉ የሚያርፍበትን ቦታ በጥፍሬ ሄድኩበት። አልተበላም። ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ድምፅ የለውም፣ አይወዛወዝም። የሌላው ጋራዥ ሲል አዲስ ነው፣ ፊቱም በትክክል ዞሯል። ምንም ጥፋት የለበትም። እንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው ሰውን የሚያስጨንቀው። በሽታው ከታየማ መድኃኒቱ ይታያል።

ያም ሆነ ይህ አውጥቼ ሌላ አዲስ ሲል በገዛ እጄ ከተትኩ። ሙስጠፋ ያደርግ እንደነበረው የሲሉን ከንፈር ግራሶ ቀባሁ፣ በእንጨት እየደገፍኩ ቀስ ብዬ መታሁ። ከሰዓት በኋላ መኪናዋን ወደ ቁስቋም፣ ከዚያ ወደ ላይ፣ ከዚያ በሸጎሌ በኩል ዞሬ አንድ ሰዓት ያህል ነድቼ ተመለስኩ። ከሥሯ ካርቶን አነጠፍኩና በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን በስሱ ይመታል። እኔ ግን በዝናቡ መሐል ያችን ትንሽ ድምፅ ነበር የምጠብቀው።

መጣች። አንድ ጊዜ። ቆይታ ደግሞ ሌላ ጊዜ።

ካርቶኑ ላይ ሁለት ጥቁር ክብ አየሁ። ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን እንዴት ብዬ ልጻፈው? ሁለት ዓይን ሆነው የሚያዩኝ መሰለኝ። ይሄ የኔ እጅ ነው። ገና ዛሬ፣ ተጠንቅቄ፣ በትክክል የከተትኩት ነው። የኔ እጅ ካፈሰሰ፣ የዚያ ሰው እጅስ?

ማታ ራት ስንበላ ባለቤቴ አስካለ ታየኝ ነበር።

"ምን ሆነህ ነው እንደ ኪኒን የምትውጠው?"

"የዮሐንስ መኪና መጥታለች። ሲሉን ቀየርኩ፣ ግን በኔም እጅ አፈሰሰች።"

አስካለ የያዘችውን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሰችው። "እንግዲያ ሙስጠፋ..."

"እሱን አታንሺብኝ።"

"ስድስት ዓመት ሙሉ መች አነሳሁት? ልጆቼን በጫንቃው ያሳደገ ሰው ስሙን እንደ ስድብ ስንፈራው ኖርን። አሁንም አላነሳም። አንተ ግን ተኝተህም ታነሳዋለህ።"

"እኔ?"

"'መፍቻውን አቀብለኝ ሙሴ' ትላለህ። በሳምንት አንዴ አይቀርም።"

ዓርብ እኩለ ቀን ሲቃረብ መኪናዋን እንደገና ነድቼ አሙቄ መለስኳትና ከሥሯ ካርቶን ዘርግቼ ተኛሁ። እያየሁ ላስብ ብዬ ነው። ከላይ የዲፈረንሻሉ ሙቀት ፊቴ ላይ ይወርዳል፣ ከታች መሬቱ ይቀዘቅዛል፣ በጎማዎቹ መሐል ጉሙ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ከሩቅ የጁምዓ አዛን ይሰማል። ዕድሜዬ ነው መሰለኝ፣ በዚያ ሙቀት እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሕልም ይሁን ትዝታ አላውቅም። ሙስጠፋ አጠገቤ በጀርባው ተኝቷል። እግሮቻችን በአንድ በኩል ወጥተዋል፣ ውጪ ሰው ሲያልፍ ጫማው ብቻ ይታየናል። ሁለታችንም ወጣት ነን። ወደ ላይ እያየ "ስማት" ይለኛል። "ማንን?" እለዋለሁ። "እሷን። ልትተነፍስ ፈልጋለች።" ከዚያ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ የመኪናዋን ሆድ እንደታመመ ልጅ ሆድ ያሻሻል።

ጠብታው ጉንጬ ላይ አርፎ ቀሰቀሰኝ።

ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ እጄ በቀጥታ ወደ ዲፈረንሻሉ ዘይት መሙያ ብሎን ሄደ። ቁልፍ አስገብቼ ላላ አደረግኋት። ገና በሁለተኛው ዙር ላይ ፉሽሽሽ አለች። ለብ ያለ አየር ፊቴ ላይ ወጣ፤ ረጅም ነው፣ ለማለቅ አይቸኩልም። ቆሞ ሸክም ያወረደ ሰው እንደሚተነፍሰው። ሲያልቅ የጎማው ጠብታ ቆመ። ቆጠርኩ፣ ጠበቅሁ፣ አልተንጠባጠበችም።

ከውስጥ እየተገፋ ነው የሚወጣው።

ዲፈረንሻል ሲሠራ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ያብጣል። ለዚያ ተብላ የተሠራች መተንፈሻ አለችው። ጣት የምታክል የጎማ ቱቦ ናት፤ ከአናቱ ተነስታ ወደ ላይ ወጥታ የመኪናው አካል ሥር ትደበቃለች። እሷ ከተደፈነች አየሩ መውጫ ያጣና ዘይቱን በደካማው በር ይገፋዋል። ደካማው በር ሲሉ ነው። ይሄን አላውቅም ነበር አልልም። አውቅ ነበር። ግን ማየት የሚገባኝ ቀን ጣቴን ሰው ላይ ቀስሬ ነበር።

ቱቦዋን በዳበሳ ተከተልኳት። ጫፏ ላይ ስደርስ ጣቴ አንድ ነገር ነካ። የስልኬን መብራት አበራሁ። የብስክሌት ጎማ ቁራጭ ነው፣ አፏ ላይ ተሸፍኖ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ታስሯል። ሽቦው ሦስት ጊዜ ተጠምዝዞ ጭራው ወደ ውስጥ ታጥፏል፣ እጅ እንዳይወጋ። እንዲያ የሚያጥፍ ሰው በጉለሌ አንድ ብቻ ነው። ሙስጠፋ "የደምሴ ፊርማ" ይለው ነበር፤ መፈረም ስለማልወድ ሲቀልድብኝ።

ሽቦውን ፈታሁት። ከውስጥ አንድ ቁራጭ ሰም ወጣ፣ በመሐሉ ክር አለው። ጧፍ ነው። አሸተትኩት። ከስንት ዓመት በኋላ አሁንም ማር ማር ይላል።

ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ተመልሶ መጣ። ከስድስት ዓመት በፊት ነው፤ ዕለቱ ማርያም ነበረች። ከቁስቋም ማርያም ቅዳሴ መልስ ነው ጋራዥ የገባሁት፣ ተረፈ ጧፉ ኪሴ ውስጥ አለ። ሙስጠፋ ሰርግ ብሎ አገር ቤት ሄዷል። ጋሽ ዮሐንስ እየሮጠ መጥቶ "ወንዙ ሞልቷል፣ ውሃ ዲፈረንሻሉ ውስጥ እንዳይገባብኝ አንድ ነገር አድርግልኝ" አለኝ። እኔ ብልህ ነኝ ብዬ ጧፉን ቆርሼ ቱቦዋ አፍ ውስጥ ጠቀጠቅሁ፣ ጎማ ሸፈንኩበት፣ አሰርኩት። "ስትመለስ አምጣት፣ እፈታልሃለሁ" አልኩት። ሁለት ወር ቆይቶ ተመለሰ። እሱም ረሳ፣ እኔም ረሳሁ። ከዚያ በኋላ ነው ማፍሰስ የጀመረችው።

ከሦስታችን ጧፍ በኪሱ የሚይዝ ሰው ማን ነው? ወንጌላዊው አይደለም። ሙስጠፋ አይደለም።

እዚያው መኪናዋ ሥር ተኝቼ ሰሙን በጭብጤ እንደያዝኩ የማርታን ጫማ አየሁ።

"ጋሼ፣ አሉ?"

"አለሁ።"

"አገኙት?"

"አገኘሁት የኔ ልጅ። መተንፈሻ ቱቦዋ ተደፍኖ ነው።"

"እንዴ! ማን ደፈነው?"

አያችሁ፣ ጭቃ ነው ብል ያልቅ ነበር። ክረምት ነው፣ የገጠር መንገድ ነው፣ ጭቃ በየቱቦው ይገባል። ሰሙን ወደ ባሕር ዛፉ ሥር ብወረውረው ከእኔና ከእመቤቴ በቀር የሚያውቅ የለም። አባቷ ሞቷል። ሙስጠፋም የራሱ ሱቅ አለው፣ ደህና ይኖራል። ምላሴ ላይ "ጭ" የምትለዋ ፊደል ደርሳ ነበር።

"ነገ ጠዋት ነይ" አልኳት። "ነገ እነግርሻለሁ።"

ጫማዋ ትንሽ ቆመና ሄደ።

ታጥቤ ወደ አዲሱ ገበያ ወረድኩ። ስድስት ዓመት በዚያ ሱቅ በር ላለማለፍ በላይኛው መንገድ ስዞር የኖርኩ ሰው ነኝ። ሱቁ ተዘግቷል፣ ጁምዓ ነው። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሚኒባሶቹ ይጮኻሉ፣ ሰው በጥላ ይጋፋል፣ እኔ ኪሴ ውስጥ ያለውን ሰም እየዳበስኩ እንደ ሕፃን ልጅ የምለውን አጠናለሁ። ከሩቅ ሲመጣ አየሁት። ጢሙ ነጭ ሆኗል። አየኝ። አልቆመም፣ አልፈጠነም። በላዬ ተራምዶ ሱቁን ከፈተ፣ ገባ። እኔም ተከትዬ ገባሁና ባንኮኒው ፊት ቆምኩ። ከጎን ሻይ ወደምትሸጠው ሴትዮ ተጣርቶ ሁለት አዘዘ።

"አንዱን ወተት እንዳታደርጊበት" አላት። "ዓርብ ነው። እሱ ይጾማል።"

ስድስት ዓመት ቆይቶ ስለ እኔ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነው። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ። ሰሙንና ሽቦውን አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ።

ሽቦውን አነሳው፣ አገላበጠው። "ፊርማህ ነው" አለ።

"የዮሐንስ መኪና መተንፈሻ ላይ ነው ያገኘሁት። እኔ ነኝ የደፈንኩት። አንተ ሰርግ የሄድክ ጊዜ። ረስቼው ነው እንጂ..."

ሻዩ መጣ። አልነካነውም።

"አውቀህ እንዳልሆነ አውቃለሁ" አለ በመጨረሻ። "ግን ያን ቀን ያወጣኸው ሲል ተገልብጦ ነበር አልክ። አየሁት አልክ። እሱስ?"

እዚህ ላይ ነበር ነገሩ። የረሳሁት ቱቦ ስህተት ነው፤ ይሄኛው ግን ሌላ ነው።

"ቀጥቅጬ ነው ያወጣሁት። ፊቱና ጀርባው አይለይም ነበር። አላየሁም።"

"ዋሽተህ ነው።"

"ዋሽቼ ነው ሙሴ።"

ሁለቱን እጆቹን ባንኮኒው ላይ ዘረጋቸው። ንጹሕ ናቸው። ጥፍሩ ሥር ዘይት የለም።

"ይሄን ሱቅ ለምን እንደከፈትኩ ታውቃለህ? ደንበኛ 'ሙስጠፋ፣ ሲሉን አንተው ክተትልኝ' ሲለኝ እጄን ያመኛል እል ነበር። ወላሂ አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም። ፈርቼ ነው። ደምሴ ቁጡ ነው እንጂ ውሸታም አይደለም፣ አየሁ ካለ አይቷል አልኩ። የሰው ክንድ የሰበረ እጅ ነው ብዬ... ስድስት ዓመት ብሎን አልነካሁም።"

እጁን ለመያዝ እጄን ዘረጋሁ፣ አነሳው። ከመደርደሪያው ሲልና የፍሬን ሸራ አውርዶ ፊቴ አስቀመጠ።

"ይኸው ዕቃህ።"

"መጥተህ አንተ ክተተው። ሰው ፊት ነው ያዋረድኩህ፣ ክብርህንም ሰው ፊት ልመልስልህ።"

"ነገ ሱቅ አለኝ" አለ። ሻዬን ግን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ። "ጠጣው፣ ቀዘቀዘ።"

ቅዳሜ ጠዋት ጉሙ ከወትሮው ይበልጥ ወፍሮ ነበር። ዘንጉን አውጥቼ አጥቤ በጨርቅ ላይ አስተኛሁ፣ የሲሉን ቤት እንደ መስታወት አጸዳሁ። ማርታ መጣች። ጎሚስታውን ጠራሁት፣ ያን ቀን ከሳቁት ውስጥ በሰፈር የቀሩትን ሁለት ሰዎችም ጠራሁ። ሁሉም ምን ልትል ነው እያሉ ቆሙ። ቆየን። እጄ ያለ ሥራ ሲቆም አያውቅምና ጨርቅ እያጣጠፍኩ እፈታለሁ።

"ጋሽ ደምሴ፣ ንስሐ ልትገባ ነው እንዴ እንዲህ የጠራኸን?" አለኝ ጎሚስታው።

"ጠብቅ" አልኩት።

በሩ ላይ ጉሙ ሰው መሰለ። ቀረበ። ሙስጠፋ ነው። ሰማያዊ ቱታውን ለብሷል፣ ያንኑ፣ ከኔ ጋር ይለብሰው የነበረውን። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ የመታጠፊያው መስመር ደረቱና ጉልበቱ ላይ እንደ ስፌት ይታያል። ስድስት ዓመት አጥፎ አስቀምጦት ኖሯል።

ሰላምታውን ሳላስጨርስ ተናገርኩ። ሽቦውንም ሰሙንም አሳየሁ። ረሳሁ የሚለውን ብቻ አይደለም፤ ዋሸሁ የሚለውንም ተናገርኩ። ወደ ማርታ ዞሬ "የአባትሽ ክንድ በዚህ ሰው እጅ አልተሰበረም፣ በኔ ነው" አልኳት። ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግሁ። ማርታ አፏን በእጇ ያዘች፣ ከዚያ "አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ማንንም አልከሰሰም ጋሼ። እኔም አልጀምርም" አለች።

"በቃ በቃ" አለ ሙስጠፋ ዓይኑን ወደ ዕቃው እየመለሰ። "ደግሞ የሽማግሌ እንባ ሲሉ ላይ እንዳይንጠባጠብ። ግራሶ አምጣ።"

ሲሉን አነሳ። አስቀመጠው፣ መዳፉን ቱታው ላይ አሸ፣ እንደገና አነሳ። የሲሉን ከንፈር ግራሶ ቀባ፣ ቤቱ አፍ ላይ አሳረፈው፣ በጣቱ ዙሪያውን ሄደበት፣ እንደ ዓይነ ስውር ሰው ፊት ሲዳስስ። ትንፋሹን ያዘ። እንጨቱን አስደግፎ መታ፣ አዞረ፣ መታ። ከዚያ በአፍንጫው እፎይ አለ።

እኔም መፍቻውን አቀበልኩት።

"እስቲ ያን የጂኒህን ቱቦ አሳየኝ" አለኝ፣ ጎሚስታው ሳቀ፣ በዚህኛው ሳቅ ግን ሙስጠፋም አለበት። ቱቦዋን ከበፊቱ ከፍ አድርገን፣ አፏን ክፍት ትተን፣ ወደ ታች አዙረን አሰርናት።

"ወንዙ ሞልቶ ከሆነስ?" አለች ማርታ።

"እንዳትደፍኛት!" አልን ሁለታችንም በአንድ አፍ።

አዲሱን የፍሬን ሸራ አስረን ሦስታችን ወጣን። ማርታ ትነዳለች፣ እኛ እንደ ሙሽራ ሚዜ ከኋላ ተቀምጠናል። ባሕር ዛፎቹ ከጉሙ እየወጡ ይመለሳሉ። ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ፣ ያ የድንጋይ አጥር ጋ፣ ማርታ ፍሬኑን ረገጠች። መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ግራም ቀኝም ሳትል። ማርታ መሪውን ይዛ ትንሽ አለቀሰች፣ እኛ በየመስኮታችን ወደ ውጪ አየን።

ተመልሰን ከሥሯ ነጭ ካርቶን አነጠፍን። ሁለት በርጩማ አጠገብ ለአጠገብ። ጠበቅን። ዝናቡ መጣ፣ ሄደ። ሙስጠፋ ለዙሁር ሶላት ተነስቶ ሄዶ ተመለሰ። ካርቶኑ እንደነጣ ነበር።

እሑድ ማርታ እናቷን ይዛ ሄደች። ሰኞ ደወለች። "ጋሼ፣ ደርሰን ተመለስን። ጎማው ደረቅ ነው። እማዬ መቃብሩ ላይ ብዙ ተቀመጠች" አለችኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ምክር ለመስጠት ትምህርቱም የለኝ። የሆነብኝን ብቻ ልንገራችሁ። ሰው ሲረሳ ይቅር ይባላል፤ እኔን ስድስት ዓመት ያፈነኝ የረሳሁት ቱቦ አልነበረም። ያላየሁትን አየሁ ማለቴ ነው። አንዲት ቃል ናት። የተናገርኳት ለእልህ ነበር፣ ያመነኝ ግን የሚወደኝ ሰው ነበርና በእሷ የገዛ እጁን ጠላ። አሁን አንድ ነገር ሲበላሽ ሰው ከመጥራቴ በፊት ዝም ብዬ ከሥሩ እተኛለሁ። አንዳንዴ እዚያው እንቅልፍ ይወስደኛል፣ አስካለ ትስቅብኛለች። በእንቅልፌ መጣራቱን ግን ትቻለሁ አሉ።

ሙስጠፋ ሱቁን አልዘጋም። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግን ቱታውን ለብሶ ይመጣል። የመታጠፊያው መስመር ጠፍቷል፣ ዘይት ውጦታል። ጎን ለጎን እንተኛለን፣ በሩ ላይ የሚያልፍ ሰው አራት እግር ብቻ ነው የሚያየው። ሲል ሲከት ዝም እላለሁ። ትንፋሹን ይይዛል፣ እኔም እይዛለሁ። ከዚያ በአፍንጫው ሲለቀው እሰማዋለሁ። መኪና ሥር ከሚሰማ ድምፅ ሁሉ የምወደው እሱን ነው።